ሳል የያዘው ግድግዳ

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ ጆሮ የሌለውም ከተቀመጠበት አይነሳ፣ ወሬው ለሁለቱም ይበቃል።

አንድ አገር ነበር አሉ። የት ነው የሚል ካለ መንገዱ የሚጀምረው ከራሱ ደጃፍ ነው፤ ወጥቶ ይይ።

የዚያ አገር ሰዎች ድሮ ዳኛቸው ገደል ነበር። ሁለት ሰው ሲካሰስ አፋፉ ላይ ይቆምና ቃሉን ይጮኻል፤ ገደሉ የመለሰው ቃል ይጸናል፣ ያልመለሰው ይወድቃል። «ገደል ዘመድ የለው፣ እጅ መንሻ አይቀበል፣ ሰክሮ አያድር» ይሉ ነበር ሽማግሎቹ። ኋላ ከተማ ሲቆረቁሩ የዚያኑ ገደል ድንጋይ ፈልጠው ትልቅ የገበያ አዳራሽ ሠሩበት። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ልሙጥ፣ ውስጡ እንደ ባዶ ጋን የሚያስተጋባ። ሕጉም ከድንጋዩ ጋር አብሮ ገባ።

በአዳራሹ መሃል የቃል ድንጋይ የሚሉት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። አዋጅ የሚነገረውም፣ አቤት የሚባለውም እሱ ላይ ተወጥቶ ነው። ግድግዳው የመለሰው አዋጅ አዋጅ ነው፤ ግድግዳው የመለሰው አቤቱታ ይታያል። የተያዘ ሰው ካለ ደግሞ ዘመዱ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ስሙን ሦስት ጊዜ ይጠራል። ግድግዳው ሦስቴ ከመለሰ ሰውየው ይለቀቃል። ካልመለሰ ግን ያ ሰው ድሮም አልተወለደም፤ እናቱ አላማጠችም፣ ሚስቱም አላገባችም፣ ስሙን ዳግመኛ ያነሳ ይቀጣል። እንዲህ ያለ ሕግ ነበራቸው። በሰው አገር ሕግ አይሳቅም፤ የራስን ረስቶ ካልሆነ።

ችግሩ ጫጫታው ነበር። ቅቤ ሻጯ «ለጋ ነው! ለጋ ነው!» ስትል ድምፅዋ ጣሪያ ነክቶ ይመለስና ያረጀ አህያ የሚሸጠው ሰውዬ ላይ ያርፋል። ጨው የጠየቀች ሴት ጓያ ተሰፍሮላት ትሄዳለች። አንድ ሕፃን ቢያለቅስ አሥር ያለቀሰ ይመስላል። ሰው ቤቱ ሲገባ ንብ ጆሮው ውስጥ የሰፈረ ያህል ራሱን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ «ኧረ አንድ ነገር ይደረግልን» ብለው ለመኑ። ራሳቸው ናቸው የለመኑት፤ ይህ እንዳይረሳ።

ከለመኑት መሃል ተልባ ሻጯ ትርንጎ አንዷ ናት። ይህች ትርንጎ ቀጭን፣ ፈጣን፣ የሰው ገበና የማታይ፣ የራሷንም የማታሳይ ሴት ነበረች። ባሏ ባያብል ቢላ ይስል ነበር። በእግሩ እየረገጠ የሚያዞረውን የመሳያ ድንጋይ ተሸክሞ ከደጅ ደጅ እየዞረ «የሚሳል አለ! የሚሳል አለ-ኦ!» ሲል ድምፁ እንደ ቢላው ስለት ነበረው፤ አጥር ይሰነጥቃል። የብረትና የድንጋይ ብናኝ ግን ደረቱ ውስጥ ገብቶ ሳል አስለምዶታል። ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ ያስለውና ሦስተኛው ወጥቶ አይወጣም፤ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ትርንጎ ማታ ማታ ተልባ በጥብጣ ታጠጣዋለች። «የምሸጠውን ተልባ ግማሹን የጠጣኸው አንተ ነህ» ትለዋለች። «የምስለውን ቢላ ግማሹን ያዶለዶምሽው አንቺ ነሽ» ይላታል። እንዲህ ነበሩ።

ለሳኞች ከማዶ አገር መጡ። ኖራ፣ አሸዋ፣ የተከተፈ ገለባና የበግ ጠጉር አብረው ያቦካሉ። ልስኑ ሲደርቅ ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛበት፣ የማር እንጀራ የመሰለ፣ ሲነኩት ለስለስ የሚል ሆነ። የለሳኞቹ አለቃ ሲያስረዳ፣ «ድምፅ ሲመጣበት ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ገብቶ እዚያው ይደክማል» አለ። «ቀለም አትቀቡት፣ ቀዳዳው ይደፈናል። ጣሪያውን ብቻ በስሱ እንለስንላችሁ፤ ይበቃል።»

ለሰኑት። ደግ ሥራ ነበር፤ የበሉበትን ወጪት መስበር አይገባም። ጨው ያለች ጨው አገኘች። ትርንጎ ደንበኛዋን በዝግታ «ስንት ይሰፈርልሽ?» ብላ ጠየቀች፣ ተሰማላትም። የቃል ድንጋዩ ላይ የቆመም ሰው ቢሆን ግድግዳው በለሆሳስ አንድ ጊዜ ይመልስለታል። ሰው መረቀ።

ምርቃቱን የሰማው የማሚቶ ሹም ነው። ሹም ደንበሩ ይባላል፤ ሥራው ግድግዳው የመለሰውንና ያልመለሰውን መለየት ነበር። ዝምታው ጣፈጠው። ከሁሉ በላይ ግን ለጌታው፣ ለአገሩ ገዢ፣ ጣፈጠው፤ ድሮ የገበያው ሁካታ ቤተ መንግሥት ድረስ እየገባ እንቅልፍ ይነሳው ነበር ይባላል። «ስሱ እንዲህ ካሳረፈን ወፍራሙማ!» አለ ሹሙ። በየበዓሉ አንድ ድርብ ልስን ይጨመር ጀመር። ጣሪያው ሲያልቅ ግድግዳው፣ ግድግዳው ሲያልቅ ምሰሶው። የለሳኞቹ አለቃ «ኧረ ጌታዬ፣ ይኸ ከመድኃኒትነት አልፏል» ቢል፣ ሸኙት። እንዴት እንደሸኙት የሚያውቅ የለም፤ ወደ አገሩ የሚወስደው መንገድ ላይ ግን ያየው የለም።

ሹመትም በዛ። ማንም ልስኑን በእጁ እንዳይነካ የሚጠብቅ ቀዳዳ ጠባቂ ተሾመ። ደግሞ ሳህን ጣይ የሚባል ተሾመ፤ የሱ ሥራ ጠዋት ጠዋት ትልቅ የናስ ሳህን ከእጁ ለቅቆ ስንት ሰው ዘወር እንዳለ ማየት ነው። ማንም ዘወር ያላለ ዕለት ካባ ተሸለመ።

ልስኑ እየወፈረ አዳራሹ ጠበበ። ድምፅ ከከንፈር ወጥቶ አንድ ክንድ ሳይሄድ ይሞታል። ሰው አፉን ከሰው ጆሮ ላይ ካልተከለ አይግባባም። በክረምት ደግሞ ልስኑ ረጥቦ ያብጣል፤ ጀርባውን የሰጠው ሰው ይሞቀዋል፣ ልክ እንደ ላም ጎን። አቤት ባዮች ቢሆኑ ድንጋዩ ላይ እየወጡ ይጮኻሉ፣ አፋቸው ሲከፈት ይታያል፣ ግድግዳው ግን አይመልስም። ሹም ደንበሩ እጁን አንስቶ «አልመለሰም። የሚቀጥለው!» ይላል። የታሰሩ ልጆቻቸውን የጠሩ እናቶች አልወለዳችሁም ተባሉ። ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ ላይ የሚወጣ ጠፋ። በዚያ ዓመት በአገሩ አንድም አቤቱታ አልቀረበም ተብሎ ድግስ ተደገሰ።

እዚህ ላይ ሹሞቹ አንድ ነገር ዘንግተው ኖሯል። አዋጅ ነጋሪው ድንጋዩ ላይ ወጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ለልስን የሚሆን የበግ ጠጉር በየቤቱ ይዋጣ!» ብሎ ጮኸ። ግድግዳው ዝም። ደገመ። ዝም። ሕጉ ለጌታም ለባሪያም አንድ ነውና አዋጁ ወደቀ። ሹም ደንበሩ ላቡን ጠረገ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ፤ አንዲት ሴት ሳቅ አምልጧት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

በሦስተኛው ቀን ባያብል እንደ ልማዱ በአዳራሹ በር በኩል «የሚሳል አለ-ኦ!» እያለ ሲያልፍ፣ ወፍራሙን ልስን አልፎ ድምፁ ሹሙ ወንበር ድረስ ደረሰ። የሌላ ሰው ድምፅ አንድ ክንድ በማይሄድበት አዳራሽ! ሹም ደንበሩ ቀና አለ። «ይኸ የማን ድምፅ ነው?»

«የቢላ ሳዩ የባያብል ነው ጌታዬ።»

«ለአገር አገልግሎት ይፈለጋል።»

ወሰዱት። የመሳያ ድንጋዩ መንገድ ላይ ተጋድሞ ቀረ፤ ትርንጎ ናት አንስታ ቤት ያስገባችው። በየቢሮው በራፍ ዞረች። አንዱ «እኔ ጋ አልመጣም» ይላታል፤ ሌላው «ማን ባያብል?» ይላታል። አገሩም ቢላ የሚስልለት አጥቶ በደነዘ ስለት ይታገል ጀመር።

በተከታዩ የአዋጅ ቀን ሁሉም አዳራሽ ግባ ተባለ። አዋጅ ነጋሪው ድንጋዩ ላይ ወጣ። «የበግ ጠጉር በየቤቱ ይዋጣ! ከእንግዲህም ማንም ከሁለት ሰው በላይ ሆኖ እንዳይነጋገር!»

«...እንዳይነጋገር!» አለ ግድግዳው።

ሰው ደነገጠ። ስንት ዘመን የተዘጋ ጉሮሮ ተከፈተ! «ግድግዳው ጌታውን ለየ» ተባለ። ሹም ደንበሩ ደረቱን ነፋ። ወዲያው ግን ከዚያው ከግድግዳው፣ እህ፣ እህ የሚል መጣ። ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ወጥቶ አልወጣም።

ከትርንጎ ጎን የምትሸጠው ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ዝማም አፏን ጆሮዋ ላይ ተከለች። «ልጄ፣ ግድግዳው ብርድ መታው እንዴ? ተልባ በጥብጪለት እንጂ!»

ትርንጎ አልሳቀችም። ተነስታ በልስኑ ዳር ዳር ሄደችና ከሹሙ ወንበር በስተኋላ፣ ልስኑ እንደ እርጉዝ ሆድ ወጣ ያለበት ቦታ ስትደርስ መዳፏን አሳረፈች። ሞቀ። ከውስጥ የሆነ ነገር መዳፏን መታት።

«እጅሽን!» አለ ቀዳዳ ጠባቂው። «አትንኪ! ቀዳዳው ይደፈናል!»

ወደ ቦታዋ ተመለሰች። «እትዬ ዝማም» አለች በጆሮዋ፣ «ባሌ እዚያ ውስጥ ነው።»

«ዝም በይ!»

«በሚቀጥለው አዋጅ ድንጋዩ ላይ ወጥቼ እጠራዋለሁ።»

«አብደሻል? ባይመልስ አልተወለደም ይሉሻል! ዛሬ ባልሽ ታስሯል፤ ያኔ ግን ባልም አልነበረሽ። ምናለ ዝም ብትዪ? የታሰረ ባል እኮ ካልነበረ ባል ይሻላል።»

«የሱ ሳል ከግድግዳ እየመጣ እኔ ተልባ ልስፈር?»

አሁን የሹሙ ስህተት ከየት እንደመጣ ይነገር። ባያብል ልስኑ ውስጥ ሲገባ፣ አንዲት የአዋጅ ቃል ሳት ብሎ ቢያዛባ ጉድ ይፈላል ተብሎ ተፈርቶ ነበርና፣ ሹም ደንበሩ ራሱ እንዲህ ሲል አዘዘው አሉ፤ «ከቃል ድንጋዩ ከመጣው ሁሉ የመጨረሻውን ቃል መልስ። ማን አለው አትበል። ምን ማለት ነው አትበል። ማሰብ ያንተ ሥራ አይደለም፤ ግድግዳ አያስብም።» ከድንጋዩ ሌላ የሚመጣ ድምፅ ልስኑ ይውጠዋል፤ ከድንጋዩ ወደ እሱ የምትመጣ ግን አንዲት ቀጭን ቀዳዳ ተትታለታለች። ድንጋዩ ላይ የሚወጣ ደፋር ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም።

የአዋጁ ቀን ደረሰ። አዋጁ ተነገረ፣ ግድግዳው መለሰ፣ አሳለው። ነጋሪው ከመውረዱ ትርንጎ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ድንጋዩ ላይ ወጣች። ሳህን ጣዩ ክው ብሎ ሳህኑን ለቀቀው፤ ማንም አልሰማም።

«አንቺ ሴት፣ ምን ልትዪ ነው?» አለ ሹም ደንበሩ ወደ ድንጋዩ ተጠግቶ።

«ሕጉ የሚለውን ጌታዬ» አለች ከድንጋዩ ወደ ውጭ ጎንበስ ብላ በጆሮው። «የተያዘ ሰው አለኝ፣ ልጠራው ነው።»

«ግድግዳው ባይመልስልሽ ባል አልነበረሽም፤ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ግን ጌታዬ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ይኸ ግድግዳ የሰማውን ሁሉ ነው የሚመልሰው ወይስ እየመረጠ?»

የጌታው እንግዶች ሰገነቱ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። «ይመርጣል» ቢል አዋጁ ሁሉ ሊወድቅ ነው። ሹሙ ተቆጣ፤ «ግድግዳ አይመርጥም! ከመረጠማ ግድግዳ አይደለም!»

ይህን ያለው ድንጋዩን በእጁ ተደግፎ ኖሯል። «...አይደለም!» አለ ግድግዳው።

ሹሙ ፊቱ ተለዋወጠ። ትርንጎ አየር ሳበች።

«ባያብል!»

ዝም አለ። ከዚያ በባያብል ድምፅ፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጣሪያ፣ «ባያብል» መጣ። የገዛ ስሙን የሌላ ሰው ስም እንደሚጠራ አድርጎ ነው የጠራው።

«ባያብል!»

«ባያብል።»

«ባያብል!» አለች ሦስተኛ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ።

እህ፣ እህ።

ሹም ደንበሩ እጁን ብድግ አደረገ። «ሳል ስም አይደለም! አልመለ...»

ያ ሁልጊዜ ወጥቶ የማይወጣው ሦስተኛው ሳል ወጣ። ወጣና ከኋላው፣ እንደተቀደደ ጨርቅ ሆኖ፣ «ባያብል» አለ።

ሕግ ሕግ ነው። በስተኋላ በኩል ልስኑን ፈልፍለው አወጡት። ቅንድቡ ኖራ፣ ጺሙ ገለባ፤ ፊቱ ላይ የልስኑ ቀዳዳ ቀዳዳ ታትሞበት ነበር። ሹም ደንበሩ ሲያስረክባት ፈገግ አለ፤ ያን ፈገግታ ትርንጎ አልወደደችውም።

«እኔ ነኝ» አለችው።

«እኔ ነኝ» አላት።

«ና፣ ቤታችን እንግባ።»

«ቤታችን እንግባ።»

እጁን ይዛ በደስታ እያለቀሰች ወሰደችው። ደጃፋቸው ሲደርሱ ነው «ምን አደረጉህ?» ያለችው።

«አደረጉህ» አላት።

ያን ጊዜ ገባት።

በተከታዩ አዋጅ ግድግዳው መለሰ። ድምፁ ግን ሌላ፣ ቀጭን፣ የሚያለቅስ ዓይነት ነበር። ሰው ሁሉ ግራ ቀኙን እያየ ማን እንደጎደለ ይፈልግ ጀመር። የጎደለውን ያወቀ ቢኖርም አልተናገረም።

እትዬ ዝማም ለጥየቃ መጣች። ባያብልን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ወሬዋን ጀመረች። «ዕድሜዬን ሙሉ የሚያዳምጠኝ ወንድ አጥቼ!» ስትል፣ «አጥቼ» ይላታል። «አይ የኔ ነገር!» ስትል፣ «የኔ ነገር» ይላታል። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ዓይን ዓይኑን ስታየው ቆየችና ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ፤ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች።

ትርንጎ መላ ያገኘችው ከዚያ በኋላ ነው። ከሰው ቃል በቀር የሚመልሰው የለውም፤ እንግዲያው ቃል የሚሰጠው አይኑር። ዝም አለች። ጎረቤቱንም በእጇ ምልክት ዝም አሰኘች። ወደ ግቢዋ የሚገባ ሁሉ ጫማውን አውልቆ፣ አፉን ይዞ፣ የተኛ ሕፃን ያለበት ቤት እንደሚገባ ሆኖ ይገባል። የበረታው ሥራ የእትዬ ዝማም ነበር፤ ሊያንቃት ሲደርስ ጓሮ ሄዳ ለጎመኑ አውርታ ትመለሳለች። በሜዳው ላይ ተልባው ሰማያዊ አበባውን አበበ፣ አበባውም ረገፈ። ባያብል ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል፤ ቤታቸው የጭቃ ግድግዳ ነው፣ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ነፋስ የሚያስገባ።

አንድ ቀን ጠዋት ትርንጎ ጎመን ስትከትፍ ቢላው እምቢ አላት። ጎመኑን ያደቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። ተናዳ ወረወረችው። ባያብል ተነስቶ ቢላውን አነሳ። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ አየው።

«ይኸ ዶልዱሟል» አለ።

ማንም ያላለውን ቃል። ትርንጎ ልትጮህ አፏን ከፍታ በሁለት እጇ ያዘችው። ተነሳች፣ ጥግ የቆመውን የመሳያ ድንጋይ ጎትታ ፊቱ አቆመችው፣ ጨርቅ ቀድዳ አቧራውን ወለወለችለት። እግሩን መርገጫው ላይ አደረገ።

በማግስቱ ድንጋዩን ተሸክሞ ገበያ ገባ። አልጮኸም። ከሹሙ ወንበር ሥር፣ ልስኑ ከሁሉ በሚወፍርበት ቦታ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ትርንጎ ቢላዋን ይዛ የመጀመሪያ ሆና ቆመች። ከኋላዋ እትዬ ዝማም የቅቤ መቁረጫዋን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። ከኋላዋ ሌላ ሴት። ከኋላዋ ልጇን አልወለድሽም የተባለች እናት። ከዚያ ገበሬው ማጭዱን፣ እንጨት ፈላጩ መጥረቢያውን ይዞ ተሰለፈ። ስንት ጊዜ ሙሉ ሥጋ በጉልበት ሲቆረጥ፣ ሳር በእጅ ሲነጭ ኖሯል፤ በአገሩ ስለት ያለው ብረት አልነበረም። የሹሙ ወጥ ሠሪ ሳትቀር ትልቁን ቢላ በማቅ ጠቅልላ ተሰልፋ ነበር።

ድንጋዩ ይዞራል፣ ፍንጣሪው ይረግፋል፣ ብረቱ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ግን ቀዳዳ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሳህን ጣዩ ሳህኑን ጣለ፤ ዘወር ያለ የለም። ቀዳዳ ጠባቂው ልስኑን የነካ እጅ አላየም። ሹም ደንበሩ ከወንበሩ ላይ ሆኖ አዳራሹን ዙሪያውን ቃኘ፤ ሰው በሥርዓት ተሰልፏል፣ የሚያወራም የለ፣ የሚስቅም የለ።

«እንዴት ያለ ሰላም ነው!» አለ ለጎኑ ሰው። ጎኑ ያለውም አልሰማውም።

ከግድግዳው ውስጥ አንድ ሰው፣ ቀጭን ድምፅ ያለው፣ እህ አለ። ባያብል ቀና ሳይል፣ እህ ብሎ መለሰለት። የያዘውን ቢላ በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ ለባለቤቱ ሰጠ፣ እጁን ዘረጋ።

«የሚቀጥለው» አለ።